ጎማ ላይ የቆመ ቤት

«ቤት» የሚለው ቃል በአማርኛ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ትዳር የያዘ ሰው «ቤት ሠራ» ይባላል፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ «ቤታቸው ፈረሰ» ይባላል፤ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ ሲጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባል። ጎረቤቱም፣ ቤተሰቡም፣ ቤተ ዘመዱም ስማቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ቃል ነው። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ውስጥ ሳይነገር የታመነ አንድ ነገር አለ፤ ቤት አይሄድም። የሚሄደው ሰው ነው፤ ቤት ግን ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ ዕድሜውን በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ የሚያድር፣ የሚበላ፣ የሚታመምና የሚያገግም ሰው ቤቱ የቱ ነው? በወር ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት የሚያድርበት፣ ሚስቱና ልጆቹ ያሉበት ነው ወይስ የቀረውን ሌሊት ሁሉ የሚያሳልፍበት?

ደሴ የተወለደ አንድ ሹፌር ይህን ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሸክሞት ኖሯል። በ1986 ዓ.ም፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ አገሬው «ኤንትሬ» በሚለው አሮጌ ፊያት ላይ ረዳት ሆኖ ሥራ ሲጀምር መንገዱ ወደ አሰብ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ጭነትም ወደ ጅቡቲ ዞረ። እሱም ከጭነቱ ጋር ዞረ። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በሰመራና በገላፊ አድርጎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት ቁጥሩ ጠፍቶታል። በመስከረም 2009 ዓ.ም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ የከባድ መኪና ነገር አበቃለት ያሉ ነበሩ፤ አላበቃም። አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚመጣው በጎማ ነው፤ ጎማው ላይም ሰው ይኖራል።

ጋቢናው እንደ ቤት ሲታይ ጠባብ ነው። ከወንበሩ ኋላ ያለው አልጋ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ግድም፣ ስፋቱ ግን ሰው በጎኑ ተኝቶ ለመገላበጥ እንኳ የማይበቃ ነው። ከፍራሹ ሥር የክረምት ካፖርት፣ የመኪናው ሰነዶች፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ባትሪና ጸሎት መጽሐፍ ይገኛሉ። በመስተዋቱ ላይ የልጆች ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ወጥ ቤቱ ውጭ ነው፤ ከተሳቢው ጎን የተበየደው የብረት ሣጥን ድስቱን፣ ቡታጋዙንና በርበሬውን ይይዛል። ሳሎኑ የጎማው ጥላ ነው፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር ሳሎኑም አብሮ ይዞራል።

በዚህ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ችግር ሙቀት ነው። ከአዲስ አበባ ደጋ የተነሣ መኪና በአንድ ቀን መንገድ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ የጋለው ብረት ደግሞ ሌሊቱንም ሲተነፍስ ያድራል። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና እንኳ ቢሆን ማቀዝቀዣው የሚሠራው ሞተሩ ሲነሣ ነው። ቆሞ የሚሠራ የከባድ መኪና ሞተር በሰዓት ሦስት ሊትር ያህል ናፍጣ ይጨርሳል፤ ስምንት ሰዓት በምቾት ለመተኛት የሚወጣው ናፍጣ ሃያ አራት ሊትር ነው ማለት ነው። ናፍጣው ደግሞ በባለቤቱ ተለክቶ የሚሰጥ ነው። አነስተኛ ማራገቢያ ከባትሪው ላይ ማያያዝ ይቻላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ ግን ባትሪው ደክሞ ጠዋት ሞተሩ አይነሣም፤ በዚያ በረሃ ውስጥ ባትሪ የሚያበድር መኪና እስኪመጣ መጠበቅ የሚያስከፍለው ከአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ሹፌሩ የሚተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከጋቢናው ውጭ ነው፤ ወይ በጭነቱ ላይ በሸራው አናት፣ ወይ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ። ከተሳቢ ሥር መተኛት ነፋስ አለው፤ ሕግም አለው። የመኪናው ቁልፍ የሚተኛው ሰው ኪስ ውስጥ ይሆናል እንጂ በቦታው ላይ አይተውም። አዲስ ረዳት ሲመጣ ከመሪ በፊት የሚማረው ይህንን ነው፤ ከሰው ሥር ሰው እንዳለ ሳያይ ሞተር የሚያስነሣ ሰው በዚህ ሙያ አይሰነብትም።

ከሙቀቱ ቀጥሎ ትንኝ አለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ «አኖፌለስ ስቴፈንሲ» የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች። የቀድሞዋ የወባ ትንኝ ገጠር ወዳድ ስትሆን ይህችኛዋ ግን በከተማ ውስጥ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳና በርሜል ውስጥ ትራባለች። ወባ ሊጠፋባት ተቃርቦ በነበረችው ጅቡቲ በሽታው እንደገና በረታ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይም ወረርሽኝ ተነሣ። ወደብ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር የሚያድረው በውኃ በርሜሎችና በኮንቴይነሮች መካከል ነው። የደሴው ሰው ድሮ ወባ ቆላ ነው ብሎ ነበር የሚያምነው፤ አሁን አጎበሩን የሚሰቅለው ከተማ ሲገባ ነው። አራቱን ጫፍ ከተሳቢው ብረት ጋር ያስራል፤ ግርጌውን ከምንጣፉ በታች ይከታል።

ይኸው ቤት ደግሞ በሌላ ሳምንት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያድራል። ጭነቱ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሆን መኪናው በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ ጣርማ በርን ይወጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መስተዋቱ ላይ አመዳይ ይጋገራል። በእንዲህ ያለ ሌሊት መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የሚያጓጓ ነገር ነው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በጠባብ ጋቢና ውስጥ ደግሞ ለመግደል ረጅም ጊዜ አይፈልግም። ሹፌሩ በረዳትነቱ ዘመን በአንድ ማለዳ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጋቢና ተሸክመው ሲወጡ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብርዱን የሚከላከለው በሁለት ብርድ ልብስና በጋቢው ነው።

የውኃ ነገር ራሱን የቻለ ሒሳብ ነው። በሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለሁለት ሰው መጠጥ፣ ማብሰያ፣ እጅና ፊት መታጠቢያ፣ አንዳንዴም ለራዲያተሩ ይበቃል መባል አለበት። አንደኛው ጀሪካን በጆንያ ተጠቅልሎ ከመኪናው ጎን ይንጠለጠላል፤ ጆንያው በውኃ ሲርስና ነፋስ ሲመታው ውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። ገላ መታጠብ ከተማ ይጠብቃል። ሽንት ቤት ደግሞ በረሃው ነው፤ ይህም ቢሆን በወደብ ሰልፍና በጉምሩክ ግቢ ውስጥ የለም። ወረፋ ሲረዝም ችግሩ ከችግርነት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ በማላባ፣ ሹፌሮች የምርመራ ውጤት ሲጠብቁ መኪኖቹ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ሰልፍ ሠርተው ለቀናት ቆመው ነበር። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበረ ሁሉ ጋቢና ቤት ለመሆን ምን እንደሚጎድለው በአንድ ሌሊት ተምሯል። ሴቶች ወደዚህ ሙያ በብዛት ያልገቡበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ አንዱ ይኸው መጸዳጃ የሚባል ነገር ነው።

ምግቡ ግን የሚያሳፍር አይደለም። ሚስቱ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተቋላ በርበሬ ትሰንቅለታለች፤ የሲራራ ነጋዴ ቅድመ አያቶች በበቅሎ ጭነው ወደዚሁ ቆላ ሲወርዱ የያዙት ስንቅ ከዚህ ብዙም አይለይም። ድርቆሹ ሳምንታት ይቆያል፤ በትንሽ ውኃና በሽሮ ይነሣል። ሦስት አራት መኪና በአንድ ጥላ ሲቆም አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ፓስታ ያወጣና ማዕዱ አንድ ይሆናል። «ጋሼ፣ ቀድመው ይጉረሱ» ይላል ረዳቱ። በዚያ ጥላ ሥር ጎረቤት የሚባለው ነገር አለ፤ ነገ ግን ጎረቤቱ ሌላ ነው።

ሹፌር ይህን ሁሉ የሚችለው ፔንሲዮን ጠፍቶ አይደለም። ምክንያቱ አበል ነው። ለመኝታና ለምግብ የሚሰጠው የውሎ አበል ጋቢና ውስጥ ያደረ እንደሆነ ይተርፋል፤ የተረፈው የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ይሆናል። ቤት ላለው ቤተሰብ ኪራይ የሚከፈለው አባት ቤት አልባ ሆኖ በማደሩ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሌባ ነው። ሰው ያላደረበት መኪና ናፍጣው ይቀዳል፤ ተጠባባቂ ጎማው ይፈታል፤ ሸራው ይቀደዳል፤ የጎደለውም ከደመወዝ ይቆረጣል። ሌላው ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ ይህ ቤት ግን ባለቤቱን ዘበኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከሌባም የከፋ መጥቷል፤ በግጭት ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ሹፌሮች በረሃ ላይ ቀርተዋል፤ ታግተዋል፤ የተገደሉም አሉ።

መንገዱ የሚያልፍበት ሕዝብ ግን የሚሄድ ቤትን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የአፋር ሴቶች ዳቦይታውን ከጎበጡ እንጨቶች ይተክላሉ፤ ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ ሰሌን ያለብሱታል፤ ዝናብ ወደሌላ ሲዞር ነቅለው በግመል ይጭኑታል። የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶችም አቃላቸውን እንዲሁ ያደርጋሉ። እነዚህ ቤቶች ነፋስ ያስገባሉ፤ ሙቀት አያምቁም፤ በብረትና በመስተዋት ከተሠራው ጋቢና ይልቅ ለአገሩ ፀሐይ የተመቹ ናቸው። ዋናው ልዩነት ግን ከእንጨቱና ከሰሌኑ አይደለም። ዳቦይታ ሲነሣ እናትም፣ ልጅም፣ ፍየልም፣ ጎረቤትም አብረው ይነሣሉ። የሄደው ቤቱ ብቻ ሳይሆን መንደሩ ነው። ሹፌሩ ግን መኪናውን ሲያስነሣ ቤቱን ከሁለት ይከፍለዋል።

በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ በፈቃዳቸው በመኪና የሚኖሩ አሉ። በአሜሪካ ጡረታ የወጡ ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ባለው መኪና ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይኖራሉ፤ ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ወደ አሪዞና በረሃ ይወርዳሉ። መኪናው ሦስት ጋን አለው፤ አንዱ ለንጹሕ ውኃ፣ አንዱ ለእጣቢ፣ አንዱ ለመጸዳጃ፤ የሞላውን የሚደፉበት የታወቀ ሥፍራም በየመንገዱ ተዘጋጅቷል። የአድራሻ ነገር እንኳ መላ ተገኝቶለታል፤ የደቡብ ዳኮታ ግዛት አንድ ሌሊት ያደረበትን ደረሰኝ ለሚያሳይና በዚያው የፖስታ አድራሻ ለያዘ መንገደኛ መንጃ ፈቃድ ይሰጣል። ይሁንና ከእነዚህ መካከል ወደ መኪናው የገቡት ኪራይ አቅቷቸው የሆኑም ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የኦስካርን ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ኖማድላንድ» የተባለው ፊልም የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ያሳየ ነበር። በዚያው አገር ኢትዮጵያውያንም በረጅም ርቀት የጭነት መኪና ላይ ይሠራሉ፤ ሕጉ አሥር ተከታታይ ሰዓት ካረፉ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲነዱ ይፈቅድላቸዋል። ጋን፣ አድራሻና የተቆጠረ ሰዓት፤ የገላፊው መንገደኛ የጎደሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ከሁሉም የሚያንገበግበው የአድራሻው ነው። ደብዳቤ ዛሬ ብዙም አይጠበቅም፤ ገንዘብም በስልክ ይላካል። እድር ግን በስልክ አይሆንም። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬን የሚሸኝ፣ ሐዘንተኛ ዘንድ የሚያመሽ ሰው ያስፈልጋል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህ ሹፌር ለሠላሳ ዓመት የከፈለው የቀሪ ቅጣት ቢደመር አንድ ጥሩ በሬ ይገዛል። ቅጣቱ አይደለም የሚከብደው። የወላጅ እናቱ ቀብር ላይ የደረሰው በሠልስቱ ነበር፤ ሐዘኑን የተወጡለት እሱ ቀብራቸው ላይ ያልቆመላቸው ሰዎች ናቸው። ሚስቱ አንድ ቀን በቀልድ መልክ «አንተ እኮ የቤቱ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ ደግሞ ሦስት ቀን ነው» አለችው። ሁለቱም ሣቁ፤ ነገሩ ግን በመካከላቸው ቀረ።

ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ይህ ሰው ውኃ ጥሙ አልቆርጥ ብሎት፣ ዐይኑም እየፈዘዘ ሐኪም ቤት ሄደ። የስኳር ሕመም ሆኖ ተገኘ። በክኒን ተጀመረ፤ ኋላ ግን ኢንሱሊን ታዘዘለት። ነርሷ «ጋሼ፣ መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል» አለችው። ፍሪጅ የለኝም ማለት አሳፈረው፤ እሺ ብሎ ወጣ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነው፤ የተከፈተው ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ጋቢናው ግን በዚያ ወቅት የሚያውቀው ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በሁለተኛው ጉዞ ሲመለስ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒቱ በሙቀት ኃይሉን አጥቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነርሷ እውነቱን ስታወጣጣው አልተቆጣችም። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ፈልጎ፣ በውስጧ መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልሎ እንዲያስቀምጥ፣ ማሰሮዋን በራሰ ጨርቅ እንዲሸፍን፣ ጨርቁም እንዳይደርቅ እንዲጠባበቅ ነገረችው። ሳይንሱ አዲስ አልሆነበትም፤ ለሠላሳ ዓመት ጀሪካኑን ያቀዘቀዘበት የጆንያ ዘዴ ነው። በአፋር ደረቅ አየር ማሰሮዋ ጥሩ ሠራች። ጅቡቲ ሲደርስ ግን ባሕሩ አየሩን ስላራሰው ጨርቁ አይደርቅም፤ የማይደርቅ ጨርቅ ደግሞ አያቀዘቅዝም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ከምግብ ሰዓት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ወደብ ላይ የምግብ ሰዓትን የሚወስነው የመጫኛ ተራ ነው። ከወጋ በኋላ ሳይበላ መሪ የያዘ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ከኋላው ያለው ጭነት በአርባ ቶን የሚቆጠር ሲሆን ያ የአንድ ሰው ሕመም ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሳይለካ ሞተር አያስነሣም፤ ከመሪው አጠገብም ስኳርና ብስኩት አይጠፋም።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ሹፌሮች 45 ሰዓት የሚሆነውን መደበኛ ሳምንታዊ ዕረፍታቸውን በመኪናው ውስጥ ማሳለፍ እንደሌለባቸው ወስኗል፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2020 ወዲህም አሠሪው የመኝታውን ወጪ እንዲችልና ሹፌሩ ቢያንስ በየአራት ሳምንቱ ወደ ቤቱ መመለስ እንዲችል ሥራውን እንዲያደራጅ በሕግ ተደንግጓል። ከዚህ ሕግ በስተኋላ ያለው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ጋቢና መሥሪያ ቤት እንጂ ቤት አይደለም። በእኛ መንገድ ይህ ሕግ ዛሬ ቢጻፍ ሹፌሩን የሚያስተኛ ቦታ አይገኝም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥላ፣ ውኃ፣ መጸዳጃና ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ነው፤ አንድ ፍሪጅ ያለው ጤና ኬላም ከጎኑ። ይህ የማይቻል አይደለም፤ «ኖርዝ ስታር አሊያንስ» የተባለው ድርጅት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ መንገዶች ዳር የመርከብ ኮንቴይነሮችን ወደ ክሊኒክ ለውጦ ሹፌሮችን ማታ ማታ ሳይቀር ሲያክም ኖሯል። ሹፌሮቹ የሚያመላልሱት ኮንቴይነር ራሱ መታከሚያቸው ሆነ ማለት ነው።

የደሴው ሰው ማቆሚያው እስኪሠራ አልጠበቀም። ባለፈው ዓመት ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ የጅቡቲውን መስመር ለቀቀና በኮምቦልቻና በአዲስ አበባ መካከል መሥራት ጀመረ። አበሉ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ሁለተኛዋ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት ክፍያዋ እንዴት እንደሚሆን ገና አልታወቀም፤ ሚስቱ በደጃፋቸው ላይ ሻይ ቤት ከፍታለች። እሱም በመጀመሪያው ወር ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ የሚጠብቀው ጎማ፣ የሚያዳምጠው ኮቴ ስላልነበረ ሌሊቱ ረዘመበት። አሁን ከወር ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን ሌሊት አልጋው ላይ ያድራል፤ መድኃኒቱም በቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው። በእድሩ ስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠራ ለሠላሳ ዓመት «መንገድ ላይ ነው» እያለች የምትመልሰው ሚስቱ ነበረች፤ ባለፈው ግንቦት ራሱ «አቤት» ሲል ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው።

የጅቡቲውን መኪና የያዘው የቀድሞ ረዳቱ ነው። ፍራሹን፣ አጎበሩን፣ ጆንያ የለበሰውን ጀሪካንና የሸክላ ማሰሮዋን ትቶለታል፤ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አድርጎ እንዲተኛ፣ ጣርማ በር ላይ ቢበርደው ከሰል ጋቢና ውስጥ እንዳያስገባ ደጋግሞ ነግሮታል።